ትርፍን መካፈልና አደጋን መካፈል

እ.ኤ.አ. በ2001 በጃፓን አንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ተጀመረ። የሥራ ሐሳብ እያለው ገንዘብ የሌለው ሰው ከጥቂት ባለሀብቶች ፊት ይቀርባል፤ ሐሳቡን ያስረዳል፤ የሚፈልገውን የገንዘብ መጠን ይናገራል። እነርሱም በጥያቄ ይመረምሩታል፤ በመጨረሻም አንዱ ወይም ሁለቱ ገንዘባቸውን ያወጡለታል፤ አለዚያም ሁሉም «አይሆንም» ብለው ያሰናብቱታል። የዝግጅቱ ስም ባለሀብቶቹን «የገንዘብ ነብሮች» ይላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የእንግሊዙ ቢቢሲ ይህንኑ አሠራር ወስዶ «የዘንዶዎች ዋሻ» አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 ኤቢሲ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ «የሻርኮች ገንዳ» በሚል ስም ጀመረው፤ ጀርመኖችም በ2014 ሲከተሉ «የአንበሶች ዋሻ» አሉት። በሀገራችን የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ይህን የሚመስሉ ውድድሮች ታይተዋል።

ነብር፣ ዘንዶ፣ ሻርክ፣ አንበሳ፦ ስሞቹ ሁሉ የአዳኝ አውሬ ስሞች ናቸው። ነቢዩ ኢሳይያስ ነብር ከፍየል ጠቦት ጋር በሰላም የሚተኛበትን ቀን ተናግሯል፤ የዝግጅቶቹ ስም አውጪዎች ግን ያንን ቀን ያሰቡ አይመስልም። ነገሩ ለቀልድ የተደረገ ነው ቢባልም፣ ስሙ ለተመልካቹ አስቀድሞ የሚነግረው ነገር አለ፤ ይኸውም በዚያ ክፍል ውስጥ አንዱ በላተኛ ሌላው ተበይ መሆኑን ነው። በእርግጥ እንደዚያ መሆን አለበትን? ገንዘብ ያለው ሰው፣ ሐሳብና ጉልበት ካለው ነገር ግን ገንዘብ ካጣው ሰው ሥራ ላይ ምን ያህል ድርሻ ቢወስድ ተገቢ ይሆናል? የተገቢነቱስ ሚዛን ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ በቴሌቪዥን መስኮት የሚቀር አይደለም። ወፍጮ ለመትከል፣ የልብስ ስፌት ቤት ለመክፈት፣ ዶሮ ለማርባት ገንዘብ ከዘመድ ወይም ከጎረቤት የሚጠይቅ ሰው በየቁምስናችን አለ፤ ገንዘቡን የሚሰጠውም እንዲሁ አለ።

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2007 ሌቪ ሩትስ የተባለ ትውልደ ጃማይካዊ ሙዚቀኛ ጊታሩን ይዞ እየዘፈነ ወደ እንግሊዞቹ «ዘንዶዎች» ገባ። ይዞት የመጣው ራሱ ቀምሞ በለንደን የኖቲንግ ሂል ዓመታዊ በዓል ላይ ይሸጠው የነበረውን የቅመም ማባያ ነው። የጠየቀው 50 ሺህ ፓውንድ ሲሆን፣ በምትኩ ሊሰጥ ያሰበው የድርጅቱን 20 ከመቶ ነበር። ይህ ማለት ድርጅቱን በሙሉ በ250 ሺህ ፓውንድ ገምቶታል ማለት ነው። ሁለት ባለሀብቶች ገንዘቡን ሊሰጡት ተስማሙ፤ የወሰዱት ግን 40 ከመቶ ነው። ስለዚህም የድርጅቱ ግምት በአንድ ንግግር ከ250 ሺህ ወደ 125 ሺህ ወረደ ማለት ነው። የጠየቀው ገንዘብ አልተጨመረም፤ የማባያው ጣዕምም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰውየው ድርሻ ብቻ ነው።

ይህን ሰምቶ «ግፍ ተፈጸመበት» ለማለት የሚቸኩል ይኖራል። እኔ አልቸኩልም። ማባያው ብዙ ሳይቆይ ሳይንስበሪ በተባለው ትልቅ የገበያ አዳራሽ መደርደሪያዎች ላይ ወጥቷል፤ ይህን በር ለመክፈት የባለሀብቶቹ ስምና ልምድ ከገንዘባቸው ይልቅ ሳይጠቅም አልቀረም። እንግዲህ 20 ወይም 40 የሚለው ቁጥር ብቻውን ፍትሕንም ግፍንም አይነግረንም። ሌላ ሚዛን ያስፈልጋል።

ይህን ሚዛን ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በ13ኛው መቶ ዘመን በትልቁ የነገረ መለኮት ድርሳኑ አስቀምጦታል። ስለ አራጣ በጻፈበት ክፍል አንድ ተቃውሞ ያነሣል፤ ገንዘብን አበድሮ ትርፍ መጠየቅ ኀጢአት ከሆነ፣ ገንዘቡን ለነጋዴ ሰጥቶ ከትርፉ የሚካፈልስ ለምን ኀጢአተኛ አይሆንም? የሚሰጠው መልስ አጭር ነው። ያበደረ ሰው የገንዘቡን ባለቤትነት ለተበዳሪው ያሳልፋል፤ ገንዘቡ ቢጠፋ የሚጠፋው በተበዳሪው ላይ ነው፤ አበዳሪው ያንኑ ያህል እንዲመለስለት መብት አለው፤ ከዚያ በላይ ግን አይገባውም። ለነጋዴ ወይም ለእጅ ባለሙያ በማኅበር መልክ የሰጠ ሰው ግን ባለቤትነቱን አላሳለፈም፤ ነጋዴው የሚነግደው፣ ባለሙያውም የሚሠራው በሰጪው አደጋ ነው። ስለዚህ ከትርፉ ድርሻ ሲጠይቅ የጠየቀው የራሱ ከሆነው ነገር የተገኘውን ነው።

ሊቁ ልዩነቱን ያየው በትርፉ መጠን አይደለም፤ ጥያቄው አደጋው በማን ጫንቃ ላይ ነው የሚል ነው። ከ470 ዓመታት በላይ ቆይቶ የቬሮና ከተማ አስተዳደር በ4 ከመቶ ወለድ ገንዘብ በመበደሩ በኢጣሊያ ሊቃውንት መካከል ብርቱ ክርክር ሲነሣ፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 14ኛ እ.ኤ.አ. በ1745 ለኢጣሊያ ጳጳሳት በጻፉት መልእክት ይህንኑ ልዩነት ጠበቁ፤ ከብድር በባሕርዩ የተለየ ውል ገብቶ በሐቅ ማትረፍ እንደሚቻል፣ ነገር ግን ለብድሩ ሌላ ስም በመስጠት ብቻ ብድርነቱ እንደማይጠፋ አስረዱ።

ይህ ነገር የላቲን ሊቃውንት ብቻ የደረሱበት እንዳይመስለን። የሀገራችን ገበሬ ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። መሬቱን በእኩል የሰጠ ሰው፣ ዝናብ ቀርቶ አዝመራው ሲጠፋ ከአራሹ ጋር አብሮ ያጣል፤ የባዶ አውድማ እኩሌታ ባዶ ነውና። ላሙን በርቢ የሰጠ ባለቤትም ውሉ እንደየአካባቢው ቢለያይ፣ ላሟ ስትወልድ ጥጃውን ይካፈላል፤ ላሟ ያለ አርቢው ጥፋት በሕመም ብትሞትበት ደግሞ ሐዘኑ የእርሱም ነው። አራጣ አበዳሪው ግን ዝናብ መጣም ቀረ ቀኑን ቆጥሮ ይመጣል። ሕዝባችን የእኩል ሰጪን በክብር ስም ሲጠራ አራጣ አበዳሪን የሚጸየፈው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችንም አራጣን በወንጀልነት ያስቀጣል።

አሁን ወደ ቴሌቪዥኑ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2013 ጄሚ ሲሚኖፍ የተባለ አሜሪካዊ ወደ «ሻርኮቹ» ቀረበ። ይዞት የመጣው፣ የቤት ደወል የደወለውን ሰው ባለቤቱ ባለበት ቦታ ሆኖ በስልኩ እንዲያየው የሚያስችል መሣሪያ ነው። የጠየቀው 700 ሺህ ዶላር ነበር፤ በምትኩም 10 ከመቶ። ባለሀብቶቹ አንድ በአንድ ተዉት፤ የቀረው ኬቪን ኦሊሪ ብቻ ነበር። እርሱ ያቀረበው ሐሳብ ግን እንደሚከተለው ነው፦ 700 ሺሁን በብድር ይሰጣል፤ ብድሩ ተመልሶ እስኪያልቅ ከሽያጩ ሁሉ 10 ከመቶ ይወስዳል፤ ብድሩ ካለቀ በኋላ ደግሞ ከሽያጩ 7 ከመቶ ለዘላለም ይወስዳል፤ በዚህም ላይ የድርጅቱን 5 ከመቶ ባለቤት ይሆናል። ሲሚኖፍ እምቢ ብሎ ባዶ እጁን ወጣ።

ይህን ውል ቀስ ብለን እንመርምረው፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ማስተዋል የሚጠይቀው እርሱ ነውና። ከሽያጭ መውሰድና ከትርፍ መውሰድ አንድ አይደለም። አንድ ነጋዴ ዕቃውን በ100 ብር ሲሸጥ፣ ዕቃውን ለመሥራት፣ ለሠራተኛ፣ ለኪራይና ለመጓጓዣ 95 ብር ቢያወጣ፣ ትርፉ 5 ብር ነው። ከሽያጭ 7 ከመቶ የሚወስደው ሰው ግን 7 ብሩን ይወስዳል፤ ነጋዴውም ዕቃ በሸጠ ቁጥር 2 ብር ከኪሱ ይከፍላል ማለት ነው። ገንዘብ ሰጪው ያተርፋል፤ ሠሪው ይከስራል፤ ሁለቱም በአንድ ድርጅት ውስጥ ናቸው። የእኩል አራሹና ባለመሬቱ አንድ ላይ ያዝናሉ፣ አንድ ላይ ይደሰታሉ፤ በዚህ ውል ግን የአንዱ ልቅሶ በሌላው ቤት ላይሰማ ይችላል።

ይህ አራጣ ነው ወደ ማለት አልሄድም፤ ፍርዱ የተጣመመ ይሆናልና። ሽያጭ ከሌለ ሰባት ከመቶውም የለም፤ ድርጅቱ ቢዘጋ ብድሩ ሳይመለስ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ ሰጪው ከአደጋው ፈጽሞ ነጻ አይደለም። ደግሞም ሐሳቡ በግልጽ የቀረበ ነው፤ ተንኮል አልነበረበትም። ነገር ግን የውሉ ፊት ወዴት እንደሚመለከት ይታያል። እያንዳንዱ አንቀጽ የሚሠራው ሰጪውን ከሠሪው ዕጣ አንድ እርምጃ ለማራቅ ነው። ብድር በመሆኑ ካፒታሉ ይመለሳል፤ ከሽያጭ በመሆኑ ኪሳራ አይነካውም፤ ለዘላለም በመሆኑ ዕዳው ቢያልቅም አያልቅም፤ ድርሻም በመኖሩ ብልጽግና ከመጣ አያመልጠውም። የአበዳሪን ዋስትናና የሸሪክን ትርፍ በአንድ እጅ መያዝ ነው። ቅዱስ ቶማስ ለይቶ ያስቀመጣቸው ሁለቱ መንገዶች እዚህ ላይ ተቀላቅለዋል፤ የተቀላቀሉትም ለአንድ ወገን በሚመች ሁኔታ ነው።

የዚህ ታሪክ ፍጻሜ ብዙ ጊዜ ይነገራል። የሲሚኖፍ ድርጅት ሪንግ የሚል ስም ይዞ አደገ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 አማዞን ገዛው፤ ዋጋውም ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደነበር ተነግሯል። በዚያው ዓመት ሰውየው ራሱ በእንግዳ ባለሀብትነት ወደዚያው ዝግጅት ተመለሰ። ተመልካቹ በዚህ እጅግ ይደሰታል፤ «እንኳን እምቢ አለ!» ይላል። እኔ ግን ይህን ለክርክሬ ማስረጃ ላደርገው አልፈልግም። ሲሚኖፍ በማግሥቱ ከስሮ ቤቱን ቢሸጥ ኖሮስ? የቀረበለት ውል ያኔ ትክክል፣ አሁን ደግሞ ስሕተት ሊሆን ነውን? የውል ፍትሕ የሚመዘነው ውሉ በቀረበበት ሰዓት እንጂ ከአምስት ዓመት በኋላ በተገኘው ሀብት አይደለም። ሀብታም የሆነውን ብቻ እየቆጠርን የምንፈርድ ከሆነ፣ ሳንወድ በግድ ገንዘብን ዳኛ አድርገን ሾምነው ማለት ነው።

በዚህ ቦታ ባለሀብቱ የሚናገረው ነገር አለውና ይደመጥ። «ገንዘቤን ከምሰጣቸው መካከል ብዙዎቹ ይከስራሉ፤ ከተሳካለት ከአንዱ ብዙ ካልወሰድኩ፣ ለሌሎቹ የምሰጠውን ከየት አመጣለሁ?» ይላል። እውነት ነው፤ ንቀን የምናልፈው ቃል አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1991 በጻፉት ማኅበራዊ መልእክት ትርፍ አንድ ድርጅት በደኅና እየሠራ ለመሆኑ ምልክት መሆኑን ተቀብለዋል፤ ብቸኛው ምልክት ግን አይደለም ብለው አክለዋል። ባለሀብቱ ብዙ አደጋ ስለሚሸከም ብዙ ድርሻ ቢጠይቅ፣ ይህ ራሱ የቅዱስ ቶማስን ሚዛን መቀበል ነው። እንግዲያው ያንኑ ሚዛን እስከ መጨረሻው ይቀበል፤ አደጋውን በምክንያትነት ጠቅሶ ትልቅ ድርሻ ከወሰደ በኋላ፣ በሌላ አንቀጽ አደጋውን መልሶ ለሠሪው ማስታቀፍ አይገባውም። አንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ መሸጥ ይሆንበታል።

ከዚህም ሌላ ስውር ነገር አለ። ባለሀብቶቹ የቀረበውን ሰው ሁልጊዜ ከሚጠይቁት ውስጥ፣ «ከራስህ ገንዘብ ስንት አወጣህ? ዕዳህስ ምን ያህል ነው?» የሚል አለ። ጥያቄው ለሁለት ነገር ይጠቅማል። አንደኛው የሥራውን ጤንነት ለማወቅ ነው፤ ይህ ተገቢ ነው፤ አስፈላጊም ነው። ሁለተኛው ግን ሰውየው ምን ያህል እንደ ተጨነቀ ለማወቅ ነው፤ ቤቱን አስይዞ ከሆነ፣ የሠራተኛ ደመወዝ ካለበት፣ ከድርሻው የበለጠ ለመልቀቅ ፈቃደኛ ይሆናልና። ቃሉ አንድ ነው፤ ተመልካቹም ልዩነቱን አይሰማም፤ የሚለየው በጠያቂው ልብ ውስጥ ነው።

ስለዚህም ሊቁ ስለ መሸጥና መግዛት በጻፈበት ክፍል ያለውን እናስታውስ። አንድ ሰው ዕቃውን በመልቀቁ ራሱ የሚጎዳ ከሆነ ያንን ጉዳት በዋጋው ውስጥ ማስገባት ይችላል፤ ገዢው በብርቱ ስለ ተቸገረ ብቻ ዋጋውን ከፍ ማድረግ ግን አይገባውም፤ ምክንያቱም የገዢው ችግር የገዢው እንጂ የሻጩ አይደለም፤ ማንም የራሱ ያልሆነውን ነገር ሊሸጥ አይችልም። ስንት ጊዜ ይህን ሳናስብ እናልፋለን! የጎረቤቴ ጭንቀት ከእኔ ጎተራ የተወሰደ እህል አይደለም። ለገንዘቤ፣ ለዕውቀቴ፣ ለድካሜ፣ ለምሸከመው አደጋ ዋጋ ልጠይቅ እችላለሁ፤ ለእርሱ ጭንቀት ግን ዋጋ የማስከፍልበት ምክንያት የለኝም።

በዚያው በ2013 ይህን በተግባር ያሳየ ሌላ ሰው በዚያው ዝግጅት ቀርቦ ነበር። ጆኒ ጆርጅስ ይባላል፤ የፍሎሪዳ ሰው ነው። በብርቱካን ችግኝ ግንድ ዙሪያ የሚደፋ፣ ውሃውን ከሥሩ እንዳይርቅ የሚይዝና ችግኙን ከውርጭ የሚጠብቅ የፕላስቲክ ሽፋን ይሠራል። የጠየቀው 150 ሺህ ዶላር በ20 ከመቶ ነው። አንዱን ሽፋን በ2 ዶላር ከ95 ሳንቲም ያሠራዋል፤ የሚሸጠው በ4 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። ባለሀብቶቹ ይህን ሲሰሙ ተገረሙ፤ ዋጋውን ለምን ከፍ አያደርግም? ውሃን ይህን ያህል ለሚቆጥብ ነገር ገበሬው አብዝቶ አይከፍልምን? ጆርጅስ ያስረዳቸው፣ የሚሸጠው ለገበሬዎች መሆኑን ነው። በዚያ ክፍል ይህ እንደ መልስ የሚቆጠር ቃል አልነበረም። ባለሀብቶቹ ትርፉ ለመካፈል ያነሰ መሆኑን እየተናገሩ ሲተዉት፣ በዕለቱ በእንግድነት የተገኘው ጆን ፖል ዲጆሪያ ግን የተጠየቀውን 150 ሺህ በተጠየቀው 20 ከመቶ ሳይከራከር ሰጠው። ዲጆሪያ ዛሬ ባለ ብዙ ሀብት ይሁን እንጂ በአንድ ወቅት ቤት አጥቶ በመኪናው ውስጥ ይተኛ የነበረ ሰው ነው።

ይህን ታሪክ የወደድኩት ደግ ሀብታም ስለ ተገኘበት አይደለም። በዚያ ክፍል ያልነበረ ሦስተኛ ሰው በአንድ ቃል ስለ ገባበት ነው። ዝግጅቱ ሁለት ወገን ብቻ ያሳየናል፤ ጠያቂና ሰጪ። ክርክሩ ሲያልቅ ሁለቱ እጅ ለእጅ ይጨባበጣሉ፤ ሙዚቃው ይነሣል፤ እኛም ነገሩ በፍትሕ ያለቀ ይመስለናል። ነገር ግን ሁለቱ ትርፉን ለማስፋት ሲስማሙ፣ የሰፋው ትርፍ ከየት እንደሚመጣ ማን ይጠይቃል? ወይ ከገዢው ይመጣል፤ ወይ ዕቃውን ከሚሰፋው፣ ከሚጠቀልለው፣ ከሚጭነው ሠራተኛ ደመወዝ ይመጣል። «የማምረቻ ዋጋህን ቀንስ» የሚለው ምክር በዚያ ክፍል ሳይሰማ አይዋልም፤ ቃሉ የፋብሪካ መሣሪያን ያመለክት ወይስ የሰው ጉልበትን፣ ብዙ ጊዜ አይብራራም። ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1981 ሥራ ከካፒታል እንደሚቀድም ሲያስተምሩ፣ ካፒታል ራሱ የብዙ ሰዎች ሥራ የተጠራቀመበት መሣሪያ መሆኑን አስረድተው ነበር። ጆርጅስ ሳይማረውም ይሁን ተምሮት፣ ገበሬውን ከሒሳቡ ወደ ውጭ አላስወጣውም።

«እሺ፤ ነገር ግን ማንም አላስገደዳቸውም፤ ወድደው ገብተው፣ ወድደው ፈረሙ» የሚል ይኖራል። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ የሚደረገው ውል ሁሉ በዚህ ቃል ይጸድቃልና። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ስለ ሠራተኞች ሁኔታ ሲጽፉ ይህንኑ መልሰዋል፤ ሠራተኛው የከፋ ነገር እንዳይደርስበት ፈርቶ አነስተኛ ደመወዝ ቢቀበል፣ መስማማቱ ብቻውን ውሉን ፍትሓዊ አያደርገውም፤ ከሰዎች ስምምነት በላይ የሆነ የተፈጥሮ ፍትሕ አለና። እርግጥ ነው፣ በቴሌቪዥን የሚቀርብ ነጋዴ ሁሉ በረሃብ አፋፍ ላይ ያለ ሠራተኛ አይደለም፤ አንዳንዱ ባለ ጥሩ ደመወዝ ነበር፤ እምቢ ብሎ ለመሄድም ይችላል። ስለዚህ የሊዮን ቃል በሁሉም ላይ በእኩል አይወድቅም። ቢሆንም «ተስማምቷል» ማለት የምርመራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አለመሆኑን ያስተምረናል።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን ከራሱ ከዝግጅቱ ታሪክ ነው። በአሜሪካው ዝግጅት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ቀራቢው ገና ከባለሀብቶቹ ፊት ሳይደርስ ለአዘጋጁ ድርጅት የሚፈርመው ውል ነበረው፤ ከንግድ ድርጅቱ 5 ከመቶ ድርሻ ወይም ከትርፉ 2 ከመቶ ለአዘጋጁ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ባለሀብቶቹ ገንዘብ ቢሰጡትም ባይሰጡትም ይህን ይከፍላል፤ ገንዘቡ ለመታየት ብቻ ነው። ሁሉም ወድደው ፈርመዋል። ይሁን እንጂ ከባለሀብቶቹ አንዱ የነበረው ማርክ ኩባን ይህ ካልተነሣ ዝግጅቱን እንደሚለቅ አስታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 አንቀጹ ተሰረዘ፤ ቀደም ብለው የፈረሙትም ነጻ ወጡ። ልብ እንበል፤ ተቃውሞው የመጣው ከፈረሙት አልነበረም። የተቸገረ ሰው ሊከራከር አይችልም፤ የተከራከረለት ሳይቸገር የተቀመጠው ነው።

ስለ ትርኢቱ ደግሞ ጥቂት ልበል። አንድ ቀራቢ በባለሀብቶቹ ፊት የሚቆመው አንድ ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን፣ እኛ የምናየው ዐሥር ደቂቃ ያህሉን ነው። የትኛው እንደሚቀርና የትኛው እንደሚታይ የሚወስነው የሚያስቀው ወይም የሚያስለቅሰው ነው። በካሜራ ፊት የተጨበጠ እጅም ሁሉ ውል አይሆንም፤ ሰነዶች ሲመረመሩ የሚፈርሱ ስምምነቶች ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮብ ሎው የተባለ እንግሊዛዊ ሕፃናት ተቀምጠውበት የሚጎተት ሻንጣ ይዞ ቀረበ፤ ከባለሀብቶቹ አንዱ ማንጠልጠያውን በኀይል ሳበውና በጠሰው፤ ሰውየውም ያለ ገንዘብ ተመለሰ። ሻንጣው በኋላ በብዙ አገሮች በሚሊዮን የሚቆጠር ተሸጧል። ይህን የምጠቅሰው ባለሀብቶቹ ነቢያት አለመሆናቸውን ለማሳየት ያህል ብቻ ነው። «አይሆንም» ማለታቸው በራሱ ክፋት የለበትም፤ ቤቱን ሸጦ በማያዋጣ ሥራ ላይ ሊያፈስ የተነሣን ሰው በጊዜው «ተው» ያለው ወዳጁ ነው። ክፋቱ ያለው ሐሳቡን መመርመር አልቆ ሰውየውን ማዋረድ ሲጀመር ነው፤ ይህ ደግሞ ለሰጪውም ለተቀባዩም አንዳች ጥቅም የለውም፤ የሚጠቅመው ለእኛ ለተመልካቾች ሣቅ ብቻ ነው። እንግዲህ በዚህ ክፍል ውስጥ እኛም አለንበት።

ወጣቶችን የምታስተምሩ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ልጆቹ ይህን ዝግጅት እንዳያዩ በመከልከል የምታተርፉት ያለ አይመስለኝም። ብዙ መልካም ነገርም ይማሩበታል፤ አንድ ዕቃ በስንት ተሠርቶ በስንት እንደሚሸጥ ሳያውቁ ሱቅ መክፈት ከንቱ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ጥቂት ነው። አብራችኋቸው ብትመለከቱ ግን፣ ባለሀብቱ የሚሰጠውን ሐሳብ ተናግሮ ሲጨርስ፣ ቀራቢው ከመመለሱ በፊት ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ አንድ ጥያቄ ብትጠይቋቸው መልካም ነው፦ ይህ ድርጅት በሚመጣው ዓመት ቢዘጋ፣ ከእነዚህ ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው ምን ያጣሉ? ወረቀትና እርሳስ ይሰጣቸው፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይደርሱበታል። ከዚያም በሠፈራቸው የሚያውቁትን አንድ ሽርክና ያስቡ፤ ወፍጮም ይሁን ባጃጅ። ወፍጮው ቢሰበር የሚያሠራው ማን ነው? ባጃጁ ጋራዥ በገባበት ሳምንት ሹፌሩ ለባለንብረቱ የዕለቱን ገቢ ያስገባል ወይስ አያስገባም? ብዙዎቹ ይህ በውሉ ውስጥ ተጽፎ እንደ ሆነ እንኳ እንደማያውቁ ታገኛላችሁ፤ አባቶቻቸውን ይጠይቁ።